በሳምንት የተሸጠው የጥጋቡ ቤት

ጉለሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ቤታቸው ዓመት ሙሉ ገዢ ያጣባቸው ወይዘሮ ፋናዬ ነገሩ አሁን ገና ገብቷቸው፣ ነጠላቸውን እንኳን ሳያስተካክሉ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው የአቶ ደምሴ በር ላይ ቆመዋል።

ፋናዬ፦ አልቀመጥም ብያለሁ። ለሰዎቹ ምን እንዳልካቸው ብቻ ንገረኝ።

ደምሴ፦ ለየትኞቹ ሰዎች?

ፋናዬ፦ ቤቴን ሊያዩ ለመጡት ባልና ሚስት። ሴትየዋ መጋረጃ የምትሰቅልበትን ሁሉ መርጣ ነበር የወጣችው። ካንተ ጋር በር ላይ ሁለት ቃል ተለዋወጡና ስልካቸውን አጠፉ። ደላላው ሲደውል ነው የዋለው።

ደምሴ፦ ሰፈሩ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ጎረቤት ሳይጠይቅ ቤት የሚገዛ ሰው አይተሻል?

ፋናዬ፦ ምን ብለህ መለስክ?

ደምሴ፦ ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈሳል አልኩ።

ፋናዬ፦ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። አንድ ባልዲ ይበቃዋል።

ደምሴ፦ ባልዲውንም ነግሬያቸዋለሁ።

ፋናዬ፦ ሌላስ?

ደምሴ፦ ውሃ በሳምንት አንዴ እንደሚመጣ።

ፋናዬ፦ ላንተስ ስንቴ ነው የሚመጣው?

ደምሴ፦ እኔ መቼ ቤቴን ልሽጥ አልኩ?

ፋናዬ፦ ቆይ፣ የጥጋቡ ቤትስ? ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፣ ክረምት ሲገባ ሳሎኑ መሃል ውሃ ይፈልቃል። በሳምንቱ ተሸጠ። የኔ የድንጋይ መሠረት ያለው፣ አስፋልት ዳር የወጣ ቤት ተገትሮ ቀረ። ጥጋቡ ከኔ በምን በለጠ?

ደምሴ፦ እሱማ ትልቅ ብልጫ ነበረው።

ፋናዬ፦ ምን?

ደምሴ፦ ለቅሶ አይደርስም፣ እጣቢውን እኛ በር ላይ ይደፋል፣ ውሻውን ይለቅብናል። ሰፈሩ በሙሉ እንዲሄድለት ሲለምን ነው የኖረው። ገዢው የመጣ ቀን እኔ ራሴ ከሱቅ ሮጬ ደርሼ ቤቱን አሞገስኩለት። የዕድራችን ዳኛ ደግሞ ሰውየው አይቶ እስኪወጣ ድረስ ስንጥቁን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

ፋናዬ፦ እኔስ ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ደምሴ፦ ምንም። ችግሩ እሱ ነው። ሚስቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ምሳ ስታመላልሺ የከረምሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ከሄድሽ ነገ የማላውቀውን ሰው በር አንኳኩቼ ምን ልለው ነው? እኔን ብቻ አትይኝ፣ ቤትሽን ያላማ የለም። የዕድሩ ዳኛማ ግቢው ውስጥ ጅብ ይገባል ብሏል።

ፋናዬ፦ ለዚህ ነው አንዷ ገዢ አጥሩን ስትለካ የዋለችው።

ደምሴ፦ ወደንሽ ነው።

ፋናዬ፦ ልጄ ሐዋሳ መንታ ልትወልድ ነው፣ ደምሴ። ባሏ ሾፌር ነው፣ ቤት አይገኝም። አጠገቧ ሁለት ክፍል የምገዛው ይሄ ሲሸጥ ነው። እናንተ እኔን ስለወደዳችሁ ልጄ ብቻዋን ትውለድ?

ደምሴ፦ መንታ መሆኑን አልነገርሽኝም።

ፋናዬ፦ ይኸው ነገርኩህ። ነገ ጠዋት አንድ ጡረተኛ መምህር ሊያይ ይመጣል።

ደምሴ፦ እሺ። በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

ፋናዬ፦ ምን ልትለው?

ደምሴ፦ እንዲህ ያለ ቤት ድጋሚ አይገኝም። ውሃው ቀን ከሌት ይወርዳል፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ሌላ ሰው ሳይቀድምህ ዛሬውኑ ቀብድ ክፈል።

ፋናዬ፦ ለጥጋቡ ቤትም ያልከው ይሄንኑ ነው?

ደምሴ፦ በሳምንት ተሸጠ አይደል?

ፋናዬ፦ እኔን መሸኘቱ አፍህ ላይ ቀለለህ።

ደምሴ፦ ምን ላድርግ፣ ራስሽ ጠየቅሽኝ። የዕድሩን ዳኛም እጠራዋለሁ፣ የሚያፈሰው ጥግ ስር ወንበር ይዞ ይቀመጣል። እስከ ቅዳሜ ትገላገያለሽ።

ፋናዬ፦ ቅዳሜ?

ደምሴ፦ ምነው፣ ዘገየ?

ፋናዬ፦ ደምሴ።

ደምሴ፦ ወይ።

ፋናዬ፦ ስለ ጣሪያው ግን ንገረው። ባልዲውንም እንዳትረሳ።