የከብት ክሊኒኩ የት ይቁም?

አቶ ይሄነው ሞላ ከመካነ ሰላም ገበያ ጨውና ማጭድ ገዝተው ወደ ጥድ አምባና ወደ ድንጋይ በር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶ አገኙ። እሱም ከአቶ ጋሹ ልጅ ከየኔአለም ጎን ነበር። ልጅቱ እንዳየቻቸው ብድግ ለማለት ሞከረች።

“እንዴት ዋሉ ጋሼ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ሁሉ ደህና?”

“ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነን። አባትሽስ እንዴት ነው?” አሉና ተቀመጡ። አፋቸው የአባቷን ጤና ቢጠይቅም ልባቸው ግን የጠየቀው ሌላ ነበር።

አቶ ይሄነውና አቶ ጋሹ አብሮ አደግ ናቸው። የአቶ ይሄነው መንደር ጥድ አምባ፣ የአቶ ጋሹ ደግሞ ድንጋይ በር ሲሆን ሁለቱንም የመኪናው መንገድ ያቋርጣቸዋል። ታዲያ መብራት ቀድሞ የገባው ድንጋይ በር ነው፤ የዚያን ዕለት አቶ ይሄነው በጠራራ ፀሐይ ቤታቸውን ዘግተው ተኙ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም እዚያው ተሠራ። ጋሹ ሴት ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ቢለው፣ እሳቸው አንገታቸውን ያመማቸው ይመስል ፊታቸውን አዞሩ። አሁን ደግሞ የአካባቢው የከብት ሐኪሞች ማኅበር ስድስተኛ ክሊኒክ ሊከፍት ነው ተባለ። ቦታውን እንድታጠና የተመረጠችውም ይህችው ልጅ ናት! እሑድ ሕዝቡ ተሰብስቦ ውጤቱን ሊሰማ ነበር።

“መቼም ክሊኒኩ ድንጋይ በር መሆኑ አይቀርም” አሉ ፈገግ ብለው፤ ፈገግታው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም። “አባትሽ ዕድለኛ ነው። ከወለዱ አይቀር እንዲህ ያለ ነው።”

የኔአለም ነገሩ ገብቷታል፤ ነገር ግን አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ አንድ ካርታ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

“ጋሼ፣ እሑድ የሚታይ ነገር ነውና ዛሬ ቢያዩት ምን ይጎዳል? እነዚህ ነጠብጣቦች አምስቱ ክሊኒኮች ናቸው። ምን ይመስልዎታል?”

“በክር እንደ ተሰካ ጨሌ ተደርድረዋል።”

“ክሩ የመኪናው መንገድ ነው። ማኅበሩ ባለፉት ዓመታት ክሊኒክ በከፈተ ቁጥር መኪና የሚደርስበትን ቦታ መረጠ። በየነጠብጣቡ ዙሪያ የቀባሁት ደግሞ ከብት የሚነዳ ሰው በሁለት ሰዓት ሊደርስ የሚችልበት አገር ነው።”

“ወረቀትሽ ገደል ያውቃል እንዴ? አሞራ የሚሄድበትና ላም የምትሄድበት መንገድ አንድ አይደለም።”

“እውነት ነው። ለዚህም ነው ቀለሙ ዳገት ጋ ሲደርስ የሚጠበው። መንገዱ ላይ ግን ይመልከቱ፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ተደራርቧል። የጥድ አምባ ሰው አንዱ ክሊኒክ ቢሞላበት ወደ ሌላው ይሄዳል። የድንጋይ በር ሰውም እንዲሁ። ከገደሉ በታች ግን ወይራ ግርጌንና ጎረቤት መንደሮቹን ምንም ቀለም አይነካቸውም።”

ቅናት የያዘው ሰው ካርታ ሲያይ የሚያየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የራሱንና የሚቀናበትን። አቶ ይሄነውም ወይራ ግርጌ የሚለውን ስም እንዳልሰሙ ሆነው ጣታቸውን ከድንጋይ በር አንስተው ጥድ አምባ ላይ ተከሉ።

“እኛ መንገዱ ዳር ነን። መድኃኒቱ በመኪና ይመጣል፣ ሐኪሙም ማታ መብራት ያያል። እዚያ ገደል ሥር ማን ሐኪም ይኖራል? ይልቅስ እነሱ ወደ እኛ ይውጡ። ከብት እንደሁ እግር አለው!”

“የታመመ ከብትም እግር አለው ጋሼ?”

“ዱሮስ ማን ሐኪም ነበረውና!” አሉ በቁጣ። “ይህ ሁሉ ለእኛ እንዳይደርስ የተፈለገ ነው።”

የኔአለም መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ሚኒባሱ ድንገት ቆመ። ከጥድ አምባ በመለስ ካለው ክሊኒክ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር አንዲት ቀይ ላም ተዘርራለች። ባለቤቶቿ ከወይራ ግርጌ የመጡት ኢማድና ሚስቱ ጠይባ ነበሩ። ላሟ ምጥ የጀመራት ከትናንት ወዲያ ነው፤ ጥጃው ተጣሞ አልወጣም አለ። ባልና ሚስት እየገፉም እየደገፉም ያን ሁሉ ገደል አውጥተዋት ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ወደቀች።

አቶ ይሄነው የከብት ሰው ናቸው። ጨውና ማጭዳቸውን ሚኒባሱ ውስጥ ጥለው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ከላሟ ጭንቅላት ሥር አነጠፉ። የክሊኒኩ ሐኪም እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ብዙ ታገለ። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ላሟም ጥቂት ቆይታ አንገቷን ዘርግታ ሞተች።

“ያለችን እሷ ብቻ ነበረች” አለች ጠይባ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና። “ልጆቼ ወልዳ ትታለባለች ብለው ይጠብቃሉ።”

“አብሽሪ እቴ፣ አላህ ይተካል” አሉ አቶ ይሄነው።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ “ትናንት ከተኛችበት ብደርስላት ኖሮ ጥጃውን አዙሬ አወጣው ነበር። የገደላት ምጡ አይደለም፣ ዳገቱ ነው” አለ።

ሚኒባሱ ሄዷል። አቶ ይሄነውና የኔአለም ወደ ጥድ አምባ በእግራቸው መጓዝ ጀመሩ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው ጠየቁ።

“እሑድ ወይራ ግርጌ ይሁን ልትዪ ነው?”

“አዎ ጋሼ። ሞተር ብስክሌት እስከ ገበያቸው ድረስ ይወርዳል፤ መድኃኒቱን እሱ ያደርሳል። የመንደሩ ሰዎችም ለሐኪሙ ቤት እንሠራለን ብለዋል።”

“አባትሽ ያውቃል?”

“ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ማዕድ አይቀርብም።”

እውነቱን መደበቅ አይገባምና፣ በመጀመሪያ የአቶ ይሄነው ልብ በደስታ ዘለለ፤ ጋሹም አላገኘም! ወዲያው ግን በራሳቸው አፈሩ። ይህች ልጅ ለእውነት ስትል የአባቷን ፊት ስታጣ፣ እሳቸው የሰው ላም ሞታ ሳለ የጋሹን ኪሳራ ያሰላሉ።

እሑድ አቶ ጋሹ ተነስተው “ያለ መንገድ ክሊኒክ የለም” ብለው ሲከራከሩ፣ ሁሉም አቶ ይሄነው “ጥድ አምባ ይሁን” እንደሚሉ ጠበቀ። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ።

“ወገኖቼ፣ እኔና ጋሹ ስንፎካከር ኖረናል። እኛ በአቅራቢያችን ሁለት ክሊኒክ አለን፤ ሦስተኛ የምንፈልገው ለከብቱ ሳይሆን ለስማችን ነው። እዚያ ታች አንድም የላቸውም። ደግሞም አስቡት፤ በሽታው ገደል አይፈራም። ወይራ ግርጌ ያልተከተበ በሬ ገበያ ወጥቶ ከእኛ በሬ ጋር ይውላል። የእነሱ ከብት ከዳነ የእኛም ይድናል። እኔ ወይራ ግርጌ ይሁን ብያለሁ።”

ጉባኤው ተስማማ፤ ክሊኒኩም ከክረምቱ በፊት ተከፈተ። ጥቅሙ ወዲያው ታየ። የታችኛው አገር ሰው ምጥ የያዛት ላም ዳገት ማስወጣት ተወ፤ ከብቱም በጊዜ ተከተበ። መንገዱ ዳር ያሉት ክሊኒኮችም ወረፋቸው ቀለለ፣ የጥድ አምባ ሰው ራሱ ቶሎ ይስተናገድ ጀመር። እንግዲህ የአገልግሎት ቦታ የሚመረጠው ማን ጮኸ ተብሎ ሳይሆን ማን ራቀ ተብሎ ሲሆን፣ የራቀውም የቀረበውም ይጠቀማል።

አቶ ጋሹ ግን እንደ አኮረፉ ቆዩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አቶ ይሄነውን ሲያገኟቸው፣ “ልጄ ከዳችኝ፣ አንተም አገዝካት” አሉ።

“ጋሹ” አሉ አቶ ይሄነው እጃቸውን ይዘው፣ “በመብራቱ ቀንቼብሃለሁ፤ በትምህርት ቤቱም ቀንቼብሃለሁ። ያ ሁሉ ከንቱ ነበር። ዛሬ ግን በልጅህ ቀንቼብሃለሁ፤ በዚህስ አላፍርም። ሂድ፣ አብረሃት ማዕድ ቅረብ።”

አቶ ጋሹ ወደ ጨርቅ ተራው አቅንተው፣ ለልጃቸው የሚሆን ነጠላ ያማርጡ ጀመር።