ስልኩ እንዳይያዝ

ወላጅን ማስተማር እንዴት እንደሚያቃጥል ልንገራችሁ። ቡታጅራ ያሉት ወላጆቼ ኢንተርኔት የሚገቡት በቤት ስልኩ መስመር እየደወሉ ነበር፤ እሱ ሲከፈት ስልኩ ይያዛል፣ የደወለ ሰው አይገባም። ዋይፋይ አስገባሁላቸውና «ከእንግዲህ ኢንተርኔቱ ቢከፈትም ስልኩ ይጠራል» ብዬ ምላሴ እስኪደርቅ አስረዳኋቸው። «ገብቶናል» አሉኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ በቪዲዮ ደወልኩ። ከአባዬ ጋር ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እማዬ ከጀርባው ጮኸች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዝጋው! ልጅቷ ብትደውልስ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!» ብዬ ሳልጨርስ ዋይፋዩን ከሶኬቱ ነቀለችውና ምስሉ ጠፋ። እየተንጨረጨርኩ በቤት ስልኩ ደወልኩ። ገና አንዴ ሲጠራ አነሳችው።

«አየሽ?» አለችኝ፣ «ባልዘጋው ኖሮ በየት በኩል ትገቢ ነበር?»