የረቡዕ ጸሎት

ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በታክሲ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት አንድ እሽግ ዳይፐር ታቅፋ ነበር። አጠገቧ ያሉት ጠና ያሉ ሴትዮ ወሬ ጀመሯት።

«ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?»

«ለወንድሜ ነው እማማ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።»

«ውይ! ምን ሆኖ?»

«ፎቅ ሲቀባ ወድቆ። ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። ከተኛ ስድስት ዓመት አለፈው።»

«እግዚአብሔር ይማረው!»

«እሱ እኮ ደክሞታል። ሐኪሙን ‹በመርፌ አሳርፈኝ› ብሎ ለመነው። ‹ሕጉ አይፈቅድልኝም› አለው።»

«እንዴት እንዲህ ይላል? ነፍስ የፈጣሪ ናት!»

«የቸርቻችን ሰዎችም ይኼንኑ ነው ያሉት። ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን መጥተው እንዲፈወስ ይጸልያሉ። ባለፈው ግን ‹ዛሬ እኔ ልጸልይ› አላቸው። ደስ ብሏቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።»

«እሺ?»

«‹ጌታ ሆይ፣ እንድድን አይደለም የምለምንህ። ዛሬውኑ ውሰደኝ› አለ።»

«በስመ አብ! አሜን ያለ ሰው አለ እንዳትዪኝ!»

«እናቴ ብቻ ‹አሜን› አለች።»

«እናቱ?»

«እንዳይቆስል ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጠው እሷ ናት፣ እማማ።»

«ወራጅ አለ» ያልኩት መውረጃዬን ካለፍኩ በኋላ ነው።