ሐኪም ቻቱኩቲ ራሳቸውን የመረመሩበት ቀን

ሐኪም ቻቱኩቲ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የግራ ጫማቸውን ያወለቁት፣ የሚያየኝ የለም ብለው ነበር። በአቅራቢያው ካለችው ከፓታምቢ ከተማ የመጣው አውቶቡስ ቆመና ሳይታሰብ የልጅ ልጃቸው ሩግሚኒ ወረደች። ኮዚኮድ ከተማ የነርስነት ትምህርት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ውስጥ እግራቸው ላይ ያለውን ቁስል አየችው። ክንዳቸውን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ቤት ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ አዩርቬዳ በሚባለው፣ ከአባታቸው በወረሱት ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምና መንደሩን ሃምሳ ዓመት ያገለገሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ወሬ ለማስቀየር መክሳቷን አንስተው ይቀልዱባት ጀመር። ሰው ሁሉ ከሦስት ነገር ተቀላቅሎ እንደሚወለድ ከልጅነቷ ጀምሮ ነግረዋታል። ቫታ እንደ ነፋስ ነው፤ የበዛለት ሰው ቀጭን፣ ፈጣን፣ እንቅልፉ የሳሳ ይሆናል። ፒታ እንደ እሳት ነው፤ ቶሎ ያስርባል፣ ቶሎ ያስቆጣል። ካፋ ውሃና አፈር ነው፤ ባለቤቱ ደንዳና፣ ታጋሽ፣ እንቅልፍ ወዳድ ነው። ሦስቱም በሁሉም ሰው ውስጥ አሉ፤ አንዱ ግን ይገናል። ከልኩ ሲያልፍ ሕመም ይመጣል፤ በምግብ፣ በእንቅልፍና በሥራ ወደ ልኩ ይመለሳል።

«አንቺ እሳት ነሽ፤ ምሳ እየዘለልሽ ሆድሽን የምታቃጥዪው ለዚህ ነው» አሏት። «እናንተ ጋ ለመቶ ሰው አንድ ክኒን ትሰጣላችሁ። እኔ ግን ሰውዬው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ቅጠል አልቀጥፍም።»

«እሱንማ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት አያቴ። ዛሬ ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። ሰባ ዓመት ያለፈው ደንዳና ሰው ይመጣል። ከምሳ በኋላ ይተኛል፣ ጣፋጩ የወተት ገንፎ ፓያሳም ሲቀርብለት ሦስት ሳህን ይደግማል። ውሃ ውሃ ይለዋል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስነሳዋል፣ የእግሩ ቁስል አልደርቅ ብሏል። ምን ይሉታል?»

ሐኪሙ እንደ መምህር ተስተካክለው ተቀመጡ። «ካፋው ከልኩ አልፏል። ሽንቱም እንደ ማር ጣፋጭ ሆኗል፤ አባቶቻችን ለዚህ በሽታ ስም ካወጡለት ቆይቷል። ጣፋጭ ተው፣ የቀን እንቅልፍ ተው፣ በእግርህ ሂድ እለዋለሁ።»

«ሰውዬው ማን ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። አዋቂ ሰው ለሌላው የሚመክረውን፣ በራሱ ላይ ሲደርስ ረስቶት አይደለም ዝም የሚለው፤ አፍሮ ነው። ሐኪም ቻቱኩቲም ሕመማቸውን ካወቁት ዘጠኝ ወር አልፏቸው ነበር።

«ሆስፒታል ስገባ ከታየሁ፣ ነገ ማን ደጄን ይረግጣል ልጄ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እግርዎ ከተቆረጠስ፣ ቆመው የሚቀበሏቸው በምንዎ ነው?»

ይህን ብላ እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁስሉን ማጠብ ጀመረች። «የደም ምርመራም ጥያቄ ነው አያቴ። እርስዎ በጣትዎ የደም ሥሩን ይጠይቃሉ፣ እኛ በአንዲት ጠብታ ደም እንጠይቃለን። የእርስዎ ጥያቄ ሰውዬው ማን እንደሆነ ይነግርዎታል፤ የኛው ደግሞ በሽታው የት እንደደረሰ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።»

ሐኪሙ የታጠበውን ቁስላቸውን አዩ። በመጨረሻ «ጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቋት።

በፓታምቢ ሆስፒታል ስኳራቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። የመረመረቻቸው ሐኪም ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ጣቶቻቸውን ያጡ እንደነበር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያጓድሉ ወሰዱ፤ ቁስላቸው በየቀኑ እየታጠበ በፋሻ ታሸገ። የምግቡን፣ የእንቅልፉንና የእግር ጉዞውን ሥርዓት ግን ማንም ሳያዛቸው ከራሳቸው ዕውቀት አወጡት። በአራተኛው ወር ቁስሉ ገጠመ። ሩግሚኒም በበኩሏ ምሳዋን በሰዓቱ መብላት ጀመረች፤ የሆዷም ቃጠሎ ቀለላት።

መንደሩም ደጃቸውን አልተወም። አንድ ቀን ማላቲ የምትባል ሸክላ ሠሪ ጥማት በዛብኝ ብላ መጣች። ሐኪሙ የደም ሥሯን ዳሰሱ፣ ስለ እንቅልፏና ስለ ምግቧ ጠየቁ፣ ቀጥሎም ለሆስፒታሉ ወረቀት ጽፈው ሰጧት። ሴትየዋ ክፉኛ ደነገጠች።

«ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው ጌታዬ?»

«አይደለም ልጄ» አሏትና ጫማቸውን አውልቀው ጠባሳውን አሳዩዋት። «እኔ አፍሬ ዘጠኝ ወር ዘገየሁ። አንቺ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ውጤቱን ይዘሽልኝ ስትመጪ ስለምትበዪው እንነጋገራለን።»