በሁዳዴ የተቆጠረ የሰርግ ዘፈን

(በፋሲካ ሳምንት፣ አዲስ አበባ። የሙዚቃ ማድመጫ አፕ መሥርቶ ስሙ የገነነው ይትባረክ ቢሮ። የሟቹ የሰርግ ዘፋኝ የጋሽ ፈለቀ ባለቤት እትዬ አስካለ ከፊቱ ተቀምጠዋል።)

እትዬ አስካለ፦ አጥፋው ሲሉህ ታጠፋለህ? የፈለቀን ድምፅ?

ይትባረክ፦ የእሳቸውን ብቻ አይደለም እትዬ። ድርጅቱን የሚገዙት ፈረንጆች ሰሚ የሌለውን ዘፈን ሁሉ አንፈልግም አሉ።

እትዬ አስካለ፦ ይህን ስትጀምር ሌላው ዘፋኝ «ይሄ ሌባ» ብሎ ሲያባርርህ ዘፈኑን በነፃ የሰጠህ ማን ነበር? ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

ይትባረክ፦ መች ረሳሁ? በፍላሽ ገልብጬ ልስጥዎት።

እትዬ አስካለ፦ ለእኔማ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው እንዲሰማው ነው እንጂ! ካሴቶቹ እንደሁ ቤታችን ሲፈርስ እዚያው ቀሩ። ካንተ ዘንድ ከጠፋ፣ ፈለቀ ሁለተኛ ሞተ በቃ።

ይትባረክ፦ ደከመኝ እትዬ። ነገ ልፈርምና ልረፍ።

እትዬ አስካለ፦ ምን ያደክምሃል? አገሩ ሁሉ ሀብታም ይልህ የለ!

ይትባረክ፦ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን የማያት ነገ ስፈርም ነው። ዘፈን ራሱ ቁጭ ብዬ ካዳመጥኩ ስንት ጊዜዬ!

እትዬ አስካለ፦ ቆይ፣ ፈለቀን አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም?

ይትባረክ፦ አንድም። ሁለት ወር ሙሉ ቆጥረዋል።

እትዬ አስካለ፦ የትኛውን ሁለት ወር?

ይትባረክ፦ ያለፈውን። እስከ ፋሲካ ዋዜማ።

እትዬ አስካለ፦ ኧረ በስመ አብ! ሁዳዴን?

ይትባረክ፦ ሁዳዴ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

እትዬ አስካለ፦ በሁዳዴ ማን ይድራል? ሙሽራ በሌለበት የሰርግ ዘፈን ማን ይከፍታል? ፈረንጁስ አያውቅም፤ አንተስ?

ይትባረክ፦ እኔም... ጾሙ መግባቱን አላወቅኩም።

እትዬ አስካለ፦ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ይትባረክ፦ ብቻዬን ነው የምበላው እትዬ፤ እዚሁ ቢሮ፣ ያመጡልኝን። ማን ይነግረኛል?

እትዬ አስካለ፦ ውይ ልጄን! እሁድ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሰርግ በሰርግ ነው፤ ያኔ ይቁጠሩ።

ይትባረክ፦ ነገ ካልፈረምክ እንሄዳለን ብለዋል።

እትዬ አስካለ፦ ይሂዱ አልልህም። ሀብቱ ያንተ፣ ድካሙም ያንተ። እኔ ኋላ እንዳይቆጨኝ ነው የመጣሁት። በል ደህና ዋል።

ይትባረክ፦ ይቀመጡ እትዬ። እስቲ ያንን ስልክ ያቀብሉኝ... ሄሎ፣ ገዢዎቹን ነገ አልፈርምም በላቸው። በሰርጉ ሰሞን እንደገና ይቁጠሩ፤ እምቢ ካሉ ገበያው ይቅር።