ቀይ የተቀባው መንጠቆ

ቤዛዬ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ እዚህ ከመስኮቱ ብርሃን ቁጭ በይ። የእንጅባራን ዝናብ ዛሬ ምን ነካው? አንዴ ይጀምራል፣ አንዴ ይተዋል… ልክ እንደ አንዳንድ ሰው ፍቅር። እንግዳችንም ድንቹን በሰናፍጭ ይብላ፣ ጠላውን ይጠጣ፣ እዚያው የቀርከሃው ወንበር ላይ ደልቶት ይቀመጥ። ያመጣልሽን ጉትቻ ግን ገና አታጥልቂው። ለሽማግሌዎቹ ቃልሽን የምትሰጪው ነገ አይደል? እስከዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። አዲስ ነገር ምን ያስቸኩላል… አዲስ ከሆነ።

እኔ እጄ ሥራ ሲፈታ አፌም ይታሰራል፤ የጉትቻ መንጠቆዬን እያጠፍኩ ላውጋሽ። ሽቦውን አቀብይኝ። ሁለቱን እኩል ትቆርጫለሽ፤ ጫፋቸውን በፒንሳ ጠምዘዝ አድርገሽ ጌጡ የሚንጠለጠልባትን ትንሽ ቀለበት ታወጫለሽ። ከዚያ ሁለቱንም ጎን ለጎን እስክሪብቶ ላይ ማጠፍ ነው፤ አንድ ላይ ካልታጠፉ መንታ አይሆኑም። ጆሮ እንዳይቧጭር ጫፉን በሞረድ ታለሰልሺዋለሽ። ይኸው ነው። ወንድ ልጅም እንዲህ በቀላሉ ቢቃና… ኧረ ሳቄ መጣ።

ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? በዐቢይ ጾም አንዲት የአዲስ ቅዳም ልጅ ገበያ መጣችልኝ። ዓይን የምታሳርፍ ልጅ። እጮኛዋ ከቻግኒ የገዛላት የወርቅ ጉትቻ መንጠቆው ዝጎ ተሰብሮባታል። ወርቅ ዛገ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰማሁ፤ የቻግኒ ሙቀት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በነሐስ ሽቦ ሌላ ሠራሁላት። ነሐስ ሲነካኝ ጆሮዬ ይቆጣል ብትለኝ፣ የጎረቤታችንን የእናትነሽን ቀይ የጥፍር ቀለም ለምኜ ከላይ እስከ ታች ቀባሁላት። ቀይ መንጠቆ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሠርቼ አላውቅም። ልጅቱ ደስ ብሏት ስማኝ ሄደች።

ከፋሲካ በኋላ መተጫጨቱ ፈረሰ አሉ። ልጁ ታዲያ ምን ያለው ጨዋ ነው መሰለሽ። አልተሳደበ፣ አልተጣላ፤ ጉትቻውን ብቻ ከጆሮዋ አስወልቆ ይዞ ሄደ። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ዛሬ የት ይገኛል? ሌላው ወንድ ያባክናል፣ ለየሴቱ አዲስ ይገዛል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይሉ የለ? የሱም ጉትቻ ከሴት ደጅ ያደርሳል እንጂ ከሴት ጆሮ አያድርም።

ወንበሩ ነው ሲጥ ሲጥ ያለው? ቀርከሃ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲቁነጠነጥበት ያሳብቃል። እንግዳችን ይመቸው እንጂ፣ ስለሱ መች አወራሁ።

ንጽሕናውስ ብትይ… ጉትቻውን ወደ ሌላ ጆሮ ሊያሻግረው ሲል ቁጭ ብሎ ቀዩን ቀለም በምላጭ ፋቅ ፋቅ ያደርጋል። ሲደክም የዋለ ምስኪን። ግን በዚያች በትንሿ ቀለበት ውስጥ ምላጭ በምን ይግባ? እዚያች ጋ ቀይዋ ትቀራለች… ግምቴን ነው የምነግርሽ። እስቲ ሳጥኑን ክፈቺው። ወደ ብርሃኑ አዙሪው። አየሽ?

አልሳቅኩም፣ ጉንፋን ነው። አንቺም ፊትሽን አታጥቁሪ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ነው ተረቱ፤ ስለ ሰው ነሐስ ግን አበው ዝም ብለዋል… እንዲህ ያለ ሙሽራ ይመጣል ብለው መች አሰቡ? ለሽማግሌዎቹ የምትይውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የነገርኩሽ የሽቦ ነገር ነው።

በይ ሳጥኑን ክደኚና በሁለት እጅሽ ለእንግዳችን ስጪው። ዝናቡም አባርቷል፣ ባጃጅ አያጣም። መቼም ከቤቴ ባዶ እጁን፣ ሳይመረቅም አይወጣም።

ልጄ፣ እጅህ ሰጪ ይሁን። የሰጠኸው ሁሉ፣ ከአንዲትም ጆሮ ሳይቀር፣ ተመልሶ እጅህ ይግባልህ። አሜን በል እንጂ…