ከሰላምታው በኋላ

ነርስ ሆኜ ሊበን ገጠር ጤና ጣቢያ የገባሁ ሰሞን ነው። ያደግሁት ነገሌ ከተማ፣ ወታደር ሰፈር ቢሆንም ኦሮምኛ አያቅተኝም፤ በዚያም እኮራ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ረጅም መንገድ በእግራቸው መጥተው "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" አሉኝ። እኔም እንደ አገሩ ወግ ጀመርኩ፦ "አካም አባቴ፣ ናጋ ነዎት? ልጆችስ ናጋ? ከብቶችስ?" ለሁሉም "ናጋ፣ ናጋ" እያሉ መለሱልኝ። ሁሉ ሰላም ከሆነ ምን ያስጨንቃቸዋል? ካርዳቸው ላይ "ደህና ናቸው" ብዬ ጻፍኩና የራስ ምታት ክኒን ሰጠኋቸው። ክኒኑን ተቀብለው ግን አልተነሱም። "ጥያቄሽን ጨረስሽ፣ ልጄ?" አሉኝ። "ጨርሻለሁ፣ አባቴ" ብዬ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

በማግስቱ ሚስታቸው "ሰውዬው ቤት አልገባም" ብለው መጡ። "ትናንት እኮ ደህና ነበሩ፤ ከብቶቹም ሰላም ናቸው ብለውኛል" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። "ድርቁ አንዲት ጥጃ አላስቀረልንም። ከዚያ ወዲህ ነው ከሰው ጋር ማውራት የተወው። ጤና ጣቢያ ሂድ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ናጋ አሉኝ?"

"ሰላምታ ነዋ፣ ልጄ! ለሰላምታ ማን ክፉ ይመልሳል? ከሰላምታው በኋላ አልጠየቅሽውም?"

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ፈለጋቸው፤ አልተገኙም። ዛሬ ዛሬ በሽተኛ ሲመጣ፣ ሰላምታው ሲያልቅ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እንደገና እጠይቃለሁ። ያንን ሁለተኛውን ጥያቄ እሳቸው ፊቴ ቁጭ ብለው ጠብቀውት ነበር።